ቆጣሪው ለምን ከ1 አያልፍም?

ሲመሽ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ነበር። ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፋ የላከችውን ኮድ የከፈትኩትም ሐሳቤን ለመሰብሰብ ያህል ነው። ጨምር የሚባል ፋንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አላት፤ ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች፤ ሦስቴም 1 ያትማል። «ለምን 3 አይደርስም?» ትላለች።

ቆጣሪ = 0 የሚለውን መስመር ያስቀመጠችው ፋንክሽኑ ውስጥ፣ አንድ ከሚጨምረው ቆጣሪ += 1 በላይ ነው። ፋንክሽን በተጠራ ቁጥር የውስጥ ስሞቹ እንደ አዲስ ይፈጠራሉ፤ ስለዚህ ቆጣሪዋ በየጥሪው ከዜሮ ተነሥቶ አንድ ላይ ያበቃለታል። ይህን ማስረዳት አይከብድም።

የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። መስመሩን አውጥታ ከፋንክሽኑ በላይ ስታደርገው ፓይተን ጭራሽ ይቆማል፤ ቆጣሪ ዋጋ ሳይሰጠው ተነበበ ይላል። ዋጋው እኮ ከላይ በግልጽ ተጽፏል! ጀማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ፓይተን ግን ፋንክሽኑን ከማስኬዱ በፊት አካሉን በሙሉ አይቶ ወስኗል፦ ለአንድ ስም በየትኛውም መስመር ላይ ዋጋ ከተሰጠ፣ ግሎባል (የውጪው ስም ነው) ተብሎ ካልታወጀ በስተቀር፣ ስሙ ከፋንክሽኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የውስጥ ነው። ቆጣሪ += 1 ደግሞ አንብቦ መልሶ ዋጋ መስጠት ነው። ዋጋ መስጠቱ ስሙን የውስጥ ያደርገዋል፤ ንባቡ ያንኑ ገና ባዶ የሆነ ስም ያገኛል። ከዚህ መስመር በላይ ቆጣሪን የሚያትም ፕሪንት ብታስገባ ፕሮግራሙ እዚያው ፕሪንቱ ላይ ይወድቃል። ፕሪንቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ የውጪውን ቆጣሪ ያለ ችግር ባነበበ ነበር።

ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ስም በአንድ ፋንክሽን መካከል ማንነቱን እንዳይቀይር ይጠብቃል።

አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ወደ ግሎባል ነው። ይሠራል፤ ልቤ ግን አይቀበለውም። ፕሮግራሙ ሲያድግ ያንን ቁጥር የትኛው ፋንክሽን እንደነካው ለማወቅ ፋይሉን በሙሉ ማሰስ ይመጣል። ቆጣሪውን ተቀብሎ፣ አንድ ጨምሮ በሪተርን የሚመልስ ፋንክሽን ግን መግቢያውም መውጫውም ይታያል። የጠራውም ሰው ቆጣሪ = ጨምር(ቆጣሪ) ብሎ የተመለሰለትን መያዝ አለበት፤ ሳይዘው ከቀረ የውጪው ቆጣሪ 0 እንደሆነ ይቀራል። ፋንክሽን በፋንክሽን ውስጥ ሲሆን የሚያስፈልገው ኖንሎካል የሚባል ማወጃ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.0 ጋር የመጣው፣ ለሌላ ቀን ይቆይ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሊስት ነው። በቆጣሪው ፋንታ ሊስት (ዝርዝር) ይዛ አፔንድ (መጨረሻው ላይ ጨምር) ብትል ያለ ግሎባል ይሠራላታል። አፔንድ ስሙን አይነካም፤ ስሙ የያዘውን ነገር ራሱን ይለውጣል። ቁጥር ግን አይለወጥም፤ አንድ መጨመር ማለት ስሙን ወደ ሌላ ቁጥር ማዞር ነው። ይህን ካልነገርኳት የያዘችው ሕግ ነገ ይፈርስባታል። ዛሬውኑ ብነግራት ደግሞ ገና የጨበጠችው ቆጣሪ ሊያመልጣት ይችላል።

ስምና ስሙ የያዘው ነገር የተለያዩ መሆናቸውን፣ ፋንክሽን የሚባል ነገር ከመነሣቱ በፊት፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ማሳየት ይቻል ይሆን? ከተቻለስ በምን ምሳሌ?