ከዋልካ እስከ ምጣድ፦ የሸክላ ልምምዴ እስካሁን

ሸክላ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ቅርጹን እንዴት እንደማወጣ ነው። እሱ ይደርሳል። እስካሁን ጊዜዬን የበላው አፈሩ ነው፤ ዛሬም የማካፍላችሁ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሜዳው ላይ ጥቁሩ ዋልካ፣ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ቀዩ አፈር አለ። ዋልካ እጅ ላይ እንደ ሊጥ ስለሚታዘዝ ያጓጓል። ግን በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባውን ስንጥቅ ያያችሁ ጠባዩን ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ብቻውን ድስት ቢሠሩትም ያው ነው፣ ይሰነጠቃል።

እኔ የምፈትሸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጣት የሚያህል ጥቅልል ሠርቼ አጥፈዋለሁ። ከተበጣጠሰ አሸዋ በዝቶበታል። ከዚያ ጭቃውን ጠፍጥፌ 10 ሴንቲ ሜትር መስመር በቢላ እጭርበትና ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። ሲደርቅ መስመሩ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው። ከዚያ የባሰውን ሌላ ነገር ሳልቀላቅልበት አልሠራበትም።

የሚያስተምሩኝ እናት ማስመሪያ አያስፈልጋቸውም። ከጭቃው ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ይፈጩና ትፍ ብለው «ይኼ ገል ይፈልጋል ልጄ» ይላሉ። እስካሁን የእሳቸው ጥርስና የእኔ ማስመሪያ ተለያይተው አያውቁም።

ገሉ የተሰበረ እንስራ ወይም ድስት ነው። ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከጭቃው ጋር ይቦካል። አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ ዳግም አይኮማተርም፤ ውስጥ ያለው እርጥበትም በእሱ ዙሪያ መውጫ ያገኛል። እኔ ለአራት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገል ላይ ረግቻለሁ። እሳቸው ለምጣድ ከዚህ ከፍ ያደርጉታል፤ ምጣድ እሳት ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚኖር ዕቃ ነዋ! የተቦካው ጭቃ ተሸፍኖ ሲሰነብት ደግሞ ይበልጥ ይያያዛል። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ የለውም።

ቅርጹን በአጭሩ፦ መንኮራኩር የለም። ጭቃው ቁጭ ይላል፣ ሠሪዋ ትዞረዋለች። ጠንከር ሲል በለስላሳ ጠጠር ይታሻል።

በነገራችን ላይ፣ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬም ግን በሸክላ ድስት ወጥ እየበላ ሸክላ ሠሪዋን በጎሪጥ የሚያይ ሞልቷል። እኔም ይህን ሙያ ስጀምር ከጎረቤት ያልሰማሁት የለም። ይገርማል እኮ።

ወደ እሳቱ እንሂድ። የምናቃጥለው ሜዳ ላይ ነው፤ ከሥር ጭራሮ፣ ዙሪያውንና ላዩን ኩበት። ዕቃው ደረቅ ቢመስልም ውስጡ እርጥበት አይጠፋም። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንፋሎቱ በድንገት ከመጣ ዕቃው እንደ ጥይት ጮሆ ይፈነዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አፉን ወደ እሳቱ አዙረን ከዳር እናሞቀዋለን። እጅ የማያስነካ ሲሆን ነው መሃል የሚገባው። ጭቃው ሸክላ የሚሆነው ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከአፈሩ ጋር የተዋሃደው ውሃ ሲወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ቢያድር እንኳ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ስብርባሪ ካላችሁ ማታ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ጠዋት ከሟሟ እሳቱ አልበቃውም።

ምጣዱ ከወጣ በኋላ ማሟሸት አለ። እሳት ላይ ጥዶ በተወቀጠ የጎመን ዘር ደጋግሞ በማሰሻ ማሸት ነው። ላዩ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ሊጥ አታፍሱበት፣ እንጀራው አይለቅላችሁም።

አሁን ጀበና ላይ ነኝ። አንገቱን መትከል አስቸግሮኛል፤ ሆዱ ከደረቀ አይያያዝም፣ እርጥብ ከሆነ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ከዳንግላም ሆነ ከቡሬ በኩል የምትሠሩ ካላችሁ፣ ሆዱ ምን ያህል ሲጠነክር ነው የምትተክሉት? ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ዙር ማቃጠል እፈልጋለሁ።