ጨጓራ ፕሮፖዛሉ ላይ የለም

ደሴ የማስተርስ ሥራዬን ስሠራ የገጠመኝ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ አሁንም ጥቁር አዝሙድ ያለበት ዳቦ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛልም፣ ያስቀኛልም።

ርዕሴ ኤኤምፒኬ ነበር። ፕሮቲን ካይኔዝ የሚባል የኢንዛይም ዓይነት ነው፣ የሴል የነዳጅ ጌጅ በሉት። ነዳጁ ኤቲፒ ሲመናመን፣ ከእሱ ተቃጥሎ የሚቀረው ኤኤምፒ ይበዛል። ያኔ ኤኤምፒኬ ይነቃና ሌሎች ኢንዛይሞች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ስብ መሥራቱን ያስቆማል፣ ያለውን ስብ ያስነድዳል። አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ ላይ ሲነቃ ደግሞ እንስሳው ምግብ ፍለጋ ይነሳል። አልፋ 2 የሚባለውን ክፍሉን የሚሠራው ጂን ፒአርኬኤኤ2 ነው። እሱ በተራበ አይጥ ጉበት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ነበር የማየው። ስምንት የጠገቡ፣ ስምንት የጾሙ።

የዚህ ሥራ ጣጣው ፍጥነቱ ነው። ደም ሲቆም ኦክስጅን ይቆማል፣ ኤኤምፒኬም በዚያው ይነሳል፤ የረሃቡን ሳይሆን የሞቱን ለክተህ ቁጭ ትላለህ። ስለዚህ ጉበቱ እንደወጣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት አለበት። ናይትሮጅኑን ከከብት አዳቃዮች ለምኜ ነው ያገኘሁት። ሰከንድ እየቆጠርኩ ስንት ቀን ተለማመድኩ። ጾመኞቹን የሽቦ ወለል ላይ አደረግኳቸው፣ አይጥ ኩሱን መልሶ ይበላልና። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መኖውን አነሳሁ፣ ውኃውን ተውኩላቸው፣ ቆልፌ ሄድኩ። ሌላኛው ቁልፍ ጥበቃው ጋ እንዳለ ያው የታወቀ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ጨጓራው ድፍን ብሏል። የጾመ አይጥ ጨጓራ እኮ ሽብሽብ ብሎ ነው የሚገኘው። ቀደድኩት። ሊጥ። መኖው ቡናማ ነው፤ ይሄ ነጭ ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ጠጋ ብዬ አየሁት። ጥቁር አዝሙድ! ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው።

ጋሼ (ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራቸው) ገና ከሌሊት ፈረቃ አልወጡም። በር ላይ ጋቢያቸውን ያጣጥፋሉ።

«ጋሼ፣ ዳቦ ሰጥተዋቸዋል እንዴ?»

«አዎ» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። «ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ሲቧጥጡ እያደሩ እንዴት ብዬ እተኛለሁ?» (ጥበቃ መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

«ሆን ብዬ እኮ ነው ያስራብኳቸው። ጥናቱ ስለ ረሃብ ነው። ሲራቡ የሚነሳ ነገር አለ፣ እሱን ነው የምፈልገው።»

ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም ብለው አዩኝ።

«ስለ ረሃብ? ወሎ ቁጭ ብለህ ረሃብን ከአይጥ ትጠይቃለህ? በ77 እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔን አትጠይቀኝም?»

ምን ይባላል? እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ቆይ፣ እነዚህ ቀን ቀን ይተኙ የለም እንዴ? የሚበሉት ሌሊት ነው። እኛ በረመዳን ቀኑን ጾመን መግሪብ ሲል እናፈጥራለን። አንተ ወላሂ፣ መግሪብ ሲል ነው ምግባቸውን የምታነሳው። ይሄ ምን የሚሉት ጾም ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «ሌሊቱን ጾሙ» የምትለዋን ከሌሎች ጥናቶች እንዳለች ነው የገለበጥኳት። አይጥ የሌሊት እንስሳ መሆኑን አውቃለሁ፣ ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ያ 14 ሰዓት ለእሱ፣ ለእኔ ቁርስም ምሳም እራትም እንደመዝለል መሆኑን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ጋሼ ፊቴን አይተው «አብሽር» ብለውኝ ሄዱ።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። የአይጥ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሁሉንም አስረዳኋቸው።

«ጉበቱ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ቀጥል። ጨጓራ ፕሮፖዛላችን ላይ የለም።»

አልቀጠልኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ ያ ነጠብጣብ ዓይኔ ላይ ስለቀረ ነው። የጎደሉትን ሦስቱን ለመተካት ሁለት ወር ጠበቅኩ። በሁለተኛው ዙር የጋሼን ቁልፍ ልቀበላቸው አስቤ አፈርኩ። «አደራ ጋሼ» ብቻ አልኳቸው። ጠዋት ጨጓራዎቹ ባዶ ነበሩ። ጋሼ ግን የዚያን ቀን ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ወጡ።

ቴሲሱ መጨረሻ ላይ የጥናቱ ውስንነት የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ፣ አይጥ በአብዛኛው የሚመገበው ሌሊት ስለሆነ የሌሊት ጾሙ ከታሰበው በላይ ሊከብደው እንደሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ። አማካሪዬ ረቂቁን ሁሉ በቀይ አቅልመው አቅልመው እሷ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይቺ ጥሩ ናት። ከየት አመጣሃት?»

«አንብቤ» አልኳቸው።