እርጥብ ደን ብቻውን አይነድም

አማዞን ተቃጠለ በተባለ ቁጥር «ድርቅ ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ይህን ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

ድርቁ እውነት ነው። በብራዚል አማዞን ማናውስ ከተማ አጠገብ የሚያልፈው ሪዮ ኔግሮ ወንዝ በ2023 እ.ኤ.አ. ከመቶ ዓመት በላይ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ጎደለ፤ በ2024 ደግሞ ከዚያም ባሰ። ግን ድርቅ ክብሪት አይጭርም።

በደረቁ ወራት ማታ ማታ ናሳ በሳተላይት የሚያወጣውን የእሳት ካርታ እከፍታለሁ። ሮንዶኒያ የምትባለውን የብራዚል ግዛት አጉልቼ አያለሁ። ቀያዮቹ ነጥቦች እንዲያው የተበተኑ አይደሉም። ዋናውን መንገድ ይከተላሉ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ በሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች ዳር ይደረደራሉ። መብረቅ ደግሞ መንገድ መርጦ አይመታም።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ዛፉ ይቆረጣል። ፀሐይ ላይ ተጋድሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ እሳት ይለቀቅበታል፣ ሣር ይዘራበታል፣ ከብት ይገባበታል። ብራዚል ውስጥ ከአማዞን ከተመነጠረው መሬት አብዛኛው የግጦሽ መሬት ሆኗል። እሳቱ ግን የግጦሹ ድንበር ላይ አይቆምም። ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል ይባል የለ? እዚህ ቃል በቃል የሚሆነው ይኸው ነው።

ደኑ ውስጥ የሚገባው እሳት ሰማይ የሚነካ ነበልባል እንዳይመስላችሁ። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከጉልበት አይበልጥም። በረገፈው ቅጠል ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ሰው በእግሩ ሊቀድመው ይችላል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ከእሳት ጋር የኖሩ የሣር ምድር ዛፎች ወፍራም ቅርፊት አላቸው። የዝናብ ደን ዛፎች ግን እሳት ስለማያውቁ የብዙዎቹ ቅርፊት ስስ ነው። ግንዱ ሥር ትንሽ የቆየ ነበልባል ከቅርፊቱ በታች ያለውን ሕያው ክፍል ይገድለዋል። ዛፉ ወዲያው አይወድቅም፤ ቆሞ ይሞታል፣ አንዳንዱም ከዓመታት በኋላ። ቅጠሉ ሲረግፍ ፀሐይ መሬት ትደርሳለች። ጥላና እርጥበት የነበረው ወለል ይደርቃል። የሞተው ግንድም ይወድቅና ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ ይሆናል። ሁለተኛው እሳት ከመጀመሪያው የሚብሰው ለዚህ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኢንዶኔዥያ ደግሞ እሳቱ ከመሬት በታች ገብቷል። እዚያ ፒት የሚባል፣ ለሺህ ዓመታት ውሃ ውስጥ ከተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ የተሠራ አፈር አለ። በ1990ዎቹ የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነውን የካሊማንታን ረግረግ የሩዝ ማሳ አደርጋለሁ ብሎ ቦይ ቆፈረበት። ውሃው ፈሰሰ፤ ሩዙም አልሆነ። የደረቀው አፈር ግን ማገዶ ሆኖ ቀረ። በ2015 በአገሪቱ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ሲቃጠል የዓለም ባንክ ኪሳራውን 16 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገመተ። እንዲህ ያለ እሳት ከላይ ውሃ ቢያፈሱበትም ከሥር ይጨሳል። ጠንከር ያለ ዝናብ ካልመጣ አይጠፋም።

በ2024 በዓለም ዙሪያ 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ያልተነካ የሐሩር ክልል ደን ጠፋ። ግማሽ ያህሉን የበላው እሳት ነው።

«ምን ይደረጋል?» ለሚለው መልስ አለኝ። በ2004 በብራዚል አማዞን ከ27,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ደን ተመነጠረ። በ2012 ወደ 4,500 ገደማ ወረደ። በማሪና ሲልቫ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትርነት ዘመን በተጀመረው ሥራ ሳተላይት ይከታተል ነበር፤ ቅጣትም ነበር፤ የተከለለው መሬት ሰፋ፤ ሕግ የጣሰ ባለ መሬት ብድር ተከለከለ። በ2019 ደግሞ ምንጣሮውን በሳተላይት የሚለካው የብራዚል የጠፈር ምርምር ተቋም ኃላፊ ሪካርዶ ጋልቫኦ የምንጣሮውን መረጃ ስለተሟገቱለት ከሥራ ተነሡ። በ2021 ቁጥሩ ተመልሶ 13,000 ደረሰ። ሲልቫ ወደ ሥልጣን ከተመለሱ በኋላ በ2024 ወደ 6,300 ገደማ ወረደ፤ ያውም በዚያ ሁሉ ድርቅ ውስጥ።

ስለዚህ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መላክ ብቻ አይበቃም። የመንግሥትን ደን አቃጥሎ የያዘ ሰው ውሎ አድሮ የባለቤትነት ወረቀት ሊያገኝበት አይገባም። እዚያ መሬት ላይ የደለበ በሬም ገበያ ሊያገኝ አይገባም።