የአባቴ ድጎማ የት ገባ?

አባቴ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ የሰማውን ደግሞ ስልክ ደውሎ ከእኔ ያጣራል። ባሕር ዳር በሒሳብ ሠራተኝነት የምትኖር ልጅ ስላለችው፣ ገንዘብ የሚል ወሬ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ባለፈው ሰኔ እንዲህ አለኝ፦ «መንግሥት ለገበሬው የማዳበሪያ ድጎማ ከፈለ ይላሉ። የእኔ የት ገባ?»

መሬቱ ጣና ዳር ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ወገን ነው። አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ይሆናል። ሩዝ ይዘራበታል። ሩዙ ሳይመጣ ሜዳው የፎገራ ላም ግጦሽ ነበር፤ አባቴ ዛሬም ከሩዙ ይልቅ ስለ ላሞቹ ማውራት ይወዳል።

«አባዬ፣ ድጎማው በእጅ የሚሰጥ ብር አይደለም፤ ኩንታሉ ውስጥ ነው ያለው» አልኩት። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል እንደሚገባ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር እንዳለፈ፣ ከዋጋው ላይ ከፊሉን መንግሥት እንደሚሸከም አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እንግዲህ ያላየሁትን ገንዘብ ልመርቅበት?» አለ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ኩንታል ውስጥ የተቀመጠ ድጎማ የሚደርሰው ኩንታሉን ለገዛ ሰው ነው። ብዙ የገዛ ብዙ ይደርሰዋል፤ መግዣ ያጣ ግን ስሙ መዝገብ ላይ ቢኖርም ምንም አያገኝም። ዝናቡ ጠርጎ ጣና የሚያስገባው ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ሲታሰብማ የሐይቁ አረም እምቦጩም ተካፋይ ነው።

ቅዳሜ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ከገበሬ ማህበሩ የደረሰው ዳፕ፣ ሌላው ማዳበሪያ፣ ጎተራው ሥር ተደርድሯል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ ነው፤ መንደራችን ውስጥ ግን ዳፕ ስሙን አልቀየረም። ዩሪያው ከሚያስፈልገው አንሶበታል። ከጎኑ ግን አንድ ባለ 50 ኪሎ ዩሪያ ለብቻው ቆሟል።

የጎረቤታችን የእማማ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬ የላቸውም፤ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። የመሬት ደብተሩ በስማቸው ስለሆነ ግን የማዳበሪያ ድርሻ ይወጣላቸዋል። ተበድረው ገዙት፤ በዚያው ቀን 1,200 ብር ጨምረው ለአባቴ ሸጡለት። ብድሩን መለሱ፤ በትርፉ ዘይትና በርበሬ ገዙ። በመንደሩ ድጎማን በብር መልክ ያየ ሰው ቢኖር እርሳቸው ብቻ ናቸው። አራሻቸው ያለ ዩሪያ ሊከርም ነው፤ ምርቱ ሲያንስ የሚያንሰው ከእርሳቸው እኩሌታም ላይ ነው። ይህን ለአባቴ ስነግረው «ታውቀዋለች። ዘይቱ ግን እስከ አጨዳ አይቆያትም» አለኝ።

ማታ የዓመቱን ሒሳብ የምጽፍበትን ደብተር አወጣሁ። የዳፑን፣ የዘሩን፣ የአረም ሠራተኛውን ወጪ ሞልቼ ሳበቃ እዚያ ብር ላይ ደረስኩ።

«1,200 ብሩን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ድጎማ በይው» አለ አባቴ፣ ሬዲዮኑን እየነካካ። «እኔ የከፈልኩት።»

ወጪ በሚለው ዓምድ ሥር ጻፍኩት።