ልትፈነዳ ነው ብዬ የበተንኩት ሠርግ

ሁለት ሳምንት ሞላው። ሌሊት ጣራ ጣራ እያየሁ የማብሰለስለው ስለ ሞተሩ አይደለም። ስለ ሙሽራዋ ቬሎም አይደለም። ስለ ጫማው ነው። ጫማው ጋ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

የጥር ሠርግ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ያገባል። አጃቢ መኪና አነሰ ተባለና የእህቴ ባል የሱን አዋሰኝ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። አንደኛ፣ «ቤንዚኗ አራት ሰዓት ተሰልፌ የቀዳኋት ናት»። ሁለተኛ፣ «ቀዩ ውስጥ እንዳታስገባት»። የቱ ቀይ ብዬ አልጠየቅኩም። የኛ ሰፈር ወንድ ስለ መኪና አይጠይቅም፤ ኮስተር ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ነቀነቅኩ። በሆዴ ግን «የትራፊክ መብራት እንዳልጥስ እየመከረኝ ነው፣ ምን ያህል ቢንቀኝ ነው» ብዬ ተቀየምኩት።

እኔ መኪና የለመድኩት በአባቴ ዲኤክስ ነው። ዳሽቦርዷ ላይ የፍጥነት፣ የነዳጅና የሙቀት ማሳያ ብቻ ነበር፤ የነዳጁ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። አባቴ ማርሽ የሚቀይረው በጆሮው ነው። «አሁን ጠየቀች» ይላል፣ ይቀይራል። ምን እንደጠየቀች ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁበት ማሠልጠኛማ ይቅር። አራት መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ የተገናኙበትን ሥዕል እያሳዩ «ቅድሚያ የማን ነው?» ሲሉን ከረሙ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው መልሱን ያለ ትምህርትም ያውቀዋል፤ የባጃጁ ነው። ባጃጅ ሥዕሉ ላይ ባይኖርም የባጃጁ ነው። ስለ አርፒኤም፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው፣ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ስለዚህ የእህቴ ባል መኪና ውስጥ ከፍጥነት ማሳያው ጎን ያለውን ክብ ሳየው የቆመ ሰዓት መሰለኝ። 8 ላይ የሚያልቅ ሰዓት የት አገር እንዳለ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን እንደ ወጉ ለፎቶ ጣና ዳር ወረድን። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን ዛፍ ሥር አቁሞ አገጫቸውን ያስተካክላል። ሚዜዎቹ ሥራ ፈትተው መኪናዬን፣ የተዋስኳትን ማለቴ ነው፣ ከበቧትና «አስጩኻት! አስጩኻት!» ይሉኝ ጀመር። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እልልታ ሰምቶ እንቢ የሚል ወንድ ካለ እጁን ያውጣ። ማርሹን ዜሮ አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

የቆመው ሰዓት ነፍስ ዘራ። ከ1 በታች ተኝቶ የነበረው ጠቋሚ 3ን፣ 4ን፣ 5ን ዘሎ፣ 6ን አልፎ ቀይ የተቀባው ጋ ደረሰ። ያኔ ሞተሩ መጮኹን ተወና ተንተባተበ። «ድ-ድ-ድ-ድ-ድ-ድ!» መኪናዋ በሙሉ ተንቀጠቀጠች። ጤነኛ ሰው ቢሆን እግሩን ያነሳል። እኔ ጨምሬ ረገጥኩ። ከዚያ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ፣ የእኔ መሆኑን በማላውቀው ድምፅ፣ «ልትፈነዳ ነው! ሽሹ! ልትፈነዳ ነው!» አልኩ።

በሩን በርግጄ ወጥቼ እግሬ አውጪኝ። እግሬ ከነዳጁ ሲነሳ መኪናዋ ወዲያው ረግባ 800 ዙር ላይ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀምራለች፤ ግን በዚያ ሁካታ ማን ሰምቶ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ ሙሽራውን ጥላው ነካችው፤ ቃል ኪዳን ከገቡ ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም። ሚዜዎቹ፣ እነዚያ «አስጩኻት» ባዮች፣ ከሁሉም ቀድመው አስፋልቱ ጋ ደርሰዋል። ቪዲዮ አንሺው ወደ ኋላ እየሮጠ ይቀርጻል። ለእሱ እንደዚያ ቀን ያለ ሲሳይ መጥቶለት አያውቅም።

አንድ ሰው ብቻ አልሮጡም። የሙሽራዋ አጎት።

እኚህ ሽማግሌ ድንጋይ መርጠው ተቀመጡ። የቀኝ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ። ጎትተው አልፈቱም፤ ከላይኛው ቀዳዳ ጀምረው በየተራ አላሉት። አወለቁ። ካልሲውን አውልቀው ሁለት ቦታ አጠፉና ጫማው ውስጥ ከተቱ። ወደ ግራው ዞሩ። ማሰሪያ፣ ጫማ፣ ካልሲ፣ ማጠፍ፣ መክተት። ከዚያ ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ድረስ ጠቀለሉ፤ የግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለመሰላቸው መልሰው ፈትተው አስተካከሉት። ጫማቸውን እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ይዘው ጣና ውስጥ ገቡ፣ ውሃው ባታቸው ላይ ሲደርስ ቆሙ። አጠገባቸው አንድ ፔሊካን ነበር። ተያዩ። ፔሊካኑም አልሸሸም።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼ ለክቼዋለሁ፤ ከመቀመጣቸው ውሃ እስኪገቡ 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። አሁን አርፒኤም ምን እንደሆነ ስለማውቅ ማስላትም እችላለሁ። ጠቋሚው 6 ላይ ሲሆን በ1000 ይባዛል፤ በደቂቃ 6,000 ዙር፣ በሰከንድ 100 ማለት ነው። እኔ እንደፈራሁት ሞተሩ ቀዩ ጫፍ ላይ ቀርቶ ቢሆን፣ እኚህ ሰው ጫማ እስኪያወልቁ 7,000 ጊዜ ይዞር ነበር። በአንድ ካልሲ ብቻ ስንት ፒስተን ወጥቶ ይወርዳል!

ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ባለ ባጃጅ እየሳቀ መጣ። አንገቱን ወደ መኪናዋ አስገብቶ ቁልፉን አጠፋ። «ጋሼ፣ ምንም አልሆነች። ሊሚተር ናት» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሊሚተሩን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ጋሼዋን ግን አልለቅም።

«ቀዩ ጋ ስትደርስ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጥባታል፤ ዙሯ ሲወርድ መልሶ ይሰጣታል። ያ ድድድ የሚለው መቁረጥና መስጠቱ ነው። አንተ ልትገላት ነበር፣ እሷ እንቢ አለች።»

«አንተ የት አወቅክ?»

«እኛማ ማሳያው የለን፣ በጆሮ ነው ጋሼ።» ሁለተኛ ጋሼ።

ከዚያ ወዲህ በንዴት ተማርኩ። ፒስተን ጫፍ በደረሰ ቁጥር ቆሞ ይመለሳል፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ቢዬላውን፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ብረት፣ የሚጎትተው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የሞተሩን አየር መግቢያና ጭስ መውጫ መልሶ የሚዘጋው የቫልቭ ስፕሪንግም ፍጥነቱን መከተል ያቅተዋል። ቀዩ መስመር «ከዚህ በላይ እኔ የለሁበትም» የሚል የፋብሪካው ቃል ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ ከ6,000 ወይም ከ6,500 ይጀምራል፤ ናፍጣ ላይ ነዳጁ ቀስ ብሎ ስለሚነድና ዕቃውም ስለሚከብድ 4,500 አካባቢ። ሊሚተሩም ቢሆን ከሁሉ ነገር አያድንም። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ እቀንሳለሁ ብለህ ሁለተኛ ከከተትክ ዙሩን የሚያመጣው ጎማው ነው፤ ነዳጁን ቢቆርጡት ጎማውን ማን ይቁረጠው? የአባቴ ዲኤክስ ደግሞ ሊሚተር የሚባል ነገር አልነበራትም። ሊሚተሯ አባቴ ነበር።

ይሄን ሁሉ አውቄ ግን ለእህቴ ባል መናገር አልችልም። እሱ «መኪናዬን አከብራታለሁ» እያለ ከ2,000 ዙር አሳልፏት አያውቅም። የቤዛዊትን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ሊወጣት ሲሞክር ሞተሯ እንደ ምጥ ታቃስታለች፣ መስታወቱ ይንጫጫል፣ እሱ «ቀዩ ገና ሩቅ ነው» ይላል። ከተማችን ያለችው 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ቱርቦ፣ አየር በግፊት የሚያስገባው መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚህ አየሩ ስለሚሳሳበት ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንስላት፣ ዙር ስጣት፣ እሷም ትተንፍስ! በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት መጎተት እኮ ቢዬላውን ይጎዳዋል። ግን ማን ይስማኝ? ሠርግ የበተነ ሰው ስለ መኪና አስተያየት የመስጠት መብት የለውም። ባለፈው አፌን ልከፍት ስል «እሺ ሊሚተር» አለኝ። እህቴ ሳቀች። አሁን ልጆቻቸውም ጋሼ ሊሚተር ይሉኛል። ያቃጠልኩትን ቤንዚንም ተሰልፌ መልሻለሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ላይ።

የአጎትየው ልጅም በሳምንቱ ደውላ ነበር። «አባዬ ሐይቁ ውስጥ በባዶ እግራቸው ቆመዋል፣ ለቢልሃርዚያ ይመርመሩ» አለች። የምርመራውን ከፈልኩ። ለጊዜው ምንም አልተገኘባቸውም፣ ተመስገን።

ባለፈው እሑድ ቅልቅል ላይ ተገናኘን። መቼም አላስቻለኝም፤ አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ። ያው ጥቁር ጫማ እግራቸው ላይ አልነበረም፤ በሸበጥ ነው የመጡ።

«አባባ፣ የዚያን ለት፣ ልትፈነዳ ነው እያልኩ ስጮኽ ጫማዎን ለምን አወለቁ?»

ጠላቸውን ጎንጨት አደረጉ። ጢማቸውን ጠረጉ።

«የተዋስኩት ነው» አሉኝ። «የሰው ዕቃ በወጉ ነው የሚያዝ።»

መኪናዋ የእኔ አለመሆኗን ማን እንደነገራቸው እያጣራሁ ነው።