አንድ ኩሽኔታ ለመቀየር ሁለት ገዛሁ

ድምፁ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ፍጥነቱ 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከኋላ በቀኝ በኩል «ውውው» የሚል ነገር ይሰማል፤ ሩቅ እንዳለ አውሮፕላን። ሬዲዮ ከከፈቱ አይሰማም። እኔም ለሁለት ወር ያህል ሬዲዮ ከፈትኩ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1982 ፖርሽ 911 ኤስሲ ናት። ሞተሯ ባለ 3 ሊትር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ያውም ከኋላ የተቀመጠ ነው። ስድስት ሲሊንደር ከጀርባ እየጮኸ የኩሽኔታን (ጎማው በልስላሴ እንዲዞር የሚያደርገውን፣ ብዮች ያሉበትን ቀለበት) ማጉረምረም ለይቶ መስማት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎማውን ነበር። የፊትና የኋላ ጎማዎቿ ስፋት ስለሚለያይ የፊቱን ወደ ኋላ ማምጣት አይሆንም። ስለዚህ የኋላዎቹን ግራና ቀኝ አቀያየርኩ። ድምፁ ንቅንቅ አላለም፤ እዚያው ቀኝ ላይ ቀረ። ጎማው ነፃ ወጣ።

ቀጥዬ ባዶ መንገድ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ለቀቅኳት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ውውታው ግን ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ብቻ እየተስማማ ቀጠለ። ሞተሩም ነፃ ወጣ። የመጨረሻው ማስረጃ ኩርባ ላይ ተገኘ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ይጋደማል፤ ያኔ ድምፁ ይጎላል። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ደግሞ ፀጥ ይላል።

በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት። ምንም ጨዋታ (ልቅነት) የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲህ ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ረጅም ካቻቢቴ አመጣሁና ጫፉን ኩሽኔታው የተቀመጠበት፣ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጎማውን በእጄ አዞርኩት። አሸዋ የሚፈጭ ወፍጮ ነበር የሚመስለው።

ሥራው የሚጀምረው መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ነው። የጎማውን የመሃል ቆብ ነቅሎ፣ ዳዶው እንዳይላላ የምትይዘውን ኮፒሊያ አውጥቶ፣ በ32 ቁጥር ቁልፍ ትልቁን ዳዶ ማላላት። ይህ ዳዶ ሲታሰር ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ነው። አንድ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 31 ኪሎ እንደማንጠልጠል ማለት ነው። ስትፈቱት ግን የ40 ዓመት ዝገትም አብሮ ይጨመርበታል። ሜትር ተኩል ቧንቧ ሰክቼ፣ በ70 ኪሎዬ ሙሉ ተንጠለጠልኩበት። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ «ጧ!» አለ። የሆነ ነገር የተሰበረ መስሎኝ ደነገጥኩ። ዳዶው ነበር የተላቀቀው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ይህ ዳዶ ከላላ በኋላ መኪናዋን አንድ እርምጃም አትግፏት። የኩሽኔታውን ቀለበቶች አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው።

የፍሬኑን ክፍል በአጭሩ ልለፈው። ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) በሽቦ ስቀሉት እንጂ በቱቦው አታንጠልጥሉት። የእጅ ፍሬኑ ሸራ ዲስኩ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ አላሉት። ዲስኩን የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ደግሞ ከዳዶው በላይ ያበሳጫሉ። አንዱን መቦርቦር ነበረብኝ።

አክሰሉ ከወጣ በኋላ ሞዞውን (ጎማው የሚታሰርበትን) በፑለር ጎትቼ ሳወጣ የጠበቅኩት ሆነ። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ግማሹ ከሞዞው ጋር ተጣብቆ መጣ። በግራይንደር ትንሽ ቦይ አወጣሁለት። እስከ ሞዞው ድረስ አልቆረጥኩም፤ ጥቂት አስቀረሁ። ከዚያ መሮ አስገብቼ አንድ ጊዜ መታሁት። ቀለበቱ ተሰንጥቆ ወደቀ። አንስቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ብዮቹ የሚሄዱበት መስመር እንደ መስታወት መሆን ነበረበት። አንድ ቦታ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቅርፊት ተነስታለች፤ ዙሪያዋ ደግሞ ነጥብ ነጥብ ሆኗል። ግራሶው ጠቁሮ ደርቋል። ሁለት ወር በሬዲዮ የሸፈንኩት ድምፅ ይህች ቅርፊት ነበረች።

አዲሱን ማስገባት ግን እንዴት ደስ ይላል! የዚህች መኪና የኋላ ክንድ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ሁለት የፀጉር ዘለላ ያህል። ኩሽኔታውን ከነማሸጊያ ላስቲኩ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ክንዱን በሙቅ አየር ዙሪያውን አሞቅኩት፣ ውኃ ጠብ ሳደርግበት እስኪንጫጫ። ከዚያ በጓንት ይዤ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩት። «ዶፍ» ብሎ ገባ። መዶሻም ፕሬስም አላስፈለገም። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆሜ አየሁት፤ ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ጥፋቴ የመጣው ቀጥሎ ነው። ሞዞው ወደ ኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት መግባት አለበት። ሞዞውን ቀስ ብሎ ስቦ የሚያስገባው ረጅሙ ባለ ጥርስ ዘንግና ወፍራም ሮንዴላዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ግን «ክንዱ እኮ እንዲህ በቀላሉ ተቀበለው፣ ይሄስ ምን አላት» ብዬ በሞዞው ላይ ጣውላ ደግፌ መዶሻ አነሳሁ። አምስት ስድስት ጊዜ መታሁት፤ ገባ። በእጄ ሳዞረው «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ» አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ ያለው ቀለበት ክንዱ ላይ ጠብቆ ተቀምጧል። እኔ የምመታው የውስጡን ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ብዮቹ ብቻ ናቸው። የመዶሻው ኃይል በሙሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። ብይ ደግሞ ቀለበቱን የሚነካው በነጥብ ነው። ያ ሁሉ ምት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ጠንካራው ብረት ይሰረጎዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ብይ ጉድጓዱን ባለፈ ቁጥር ጠቅ ይላል። ደግሞ ይህ ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበቱ ሁለት ግማሽ ነው። ከጀርባ ካልተደገፈ የኋላው ግማሽ ወደ ውጭ ይገፋል። የእኔም፣ ግራሶውን የሚይዘው ላስቲክ በዚያ በኩል ብቅ ብሎ ነበር። ገና አንድ ሜትር እንኳ ያልሄደ ኩሽኔታ አበቃለት። መልሼ ስፈታው ያለ ርኅራኄ ነው የመታሁት፤ ከዚህ በኋላ ለምን እራራለት?

ሁለተኛው እስኪመጣ መኪናዋ በካቫሌቶ (በመደገፊያ እግር) ላይ ሦስት ሳምንት ቆመች። በሁለተኛው ጊዜ ዘንጉን በመሃል አሳልፌ፣ ከጀርባ በኩል የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ የቧንቧ ቁራጭ ደገፍኩ፤ በፊት በኩል ሞዞውን። የዘንጉን ዳዶ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያጠበቅኩ ሳብኩት። ጎታቹም ተጎታቹም የውስጡ ቀለበት ስለሆነ ብዮቹ ምንም አይደርስባቸውም። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሞዞው ሲዞር የሚሰማው የአዲስ ላስቲክ ፍትጊያ ብቻ ነበር።

ግራውንስ? አልነካሁትም። «ጥንድ ጥንዱን ቀይር» የሚሉ አሉ። ለሸራና ለጎማ እስማማለሁ። ደህና ኩሽኔታ ግን ሳይበላሽ አይወጣም። ሲያጉረመርም እንገናኛለን።

ትልቁን ዳዶ በቶርክ ቁልፍ አስሬ፣ አዲስ ኮፒሊያ አስገብቼ፣ በዳዶውና በአክሰሉ ጫፍ ላይ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ቀባሁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆቡን ነቅዬ አየሁት። መስመሩ ያልተሰበረ፣ ቀጥ ያለ። ቆቡን በመዳፌ መትቼ መለስኩት።