ሳልሰበስበው የቆየሁት የሽያጭ ታክስ

በ2019 በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ለአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጡ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ፈረቃ የሚያቀናብሩበትን ሶፍትዌር በወርሃዊ ክፍያ መሸጥ ስጀምር፣ ስለ ታክስ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ቨርጂኒያ በኢንተርኔት ብቻ በሚሠራ ሶፍትዌር ላይ የሽያጭ ታክስ ትጥላለች ወይ? መልሱ «አትጥልም» የሚል ስለነበር ጉዳዩን በዚያው ተውኩት። በአገሩ አንድ ወጥ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለለመደ ሰው፣ አሜሪካ የፌዴራል የሽያጭ ታክስ እንደሌላት፣ እያንዳንዱ ግዛት በየራሱ ሕግ እንደሚያስከፍልና የሚታየውም የሻጩ ሳይሆን የገዢው ቦታ መሆኑ ወዲያው አይገለጥለትም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳውዝ ዳኮታ ዌይፌር ከተባለ የኢንተርኔት ሻጭ ድርጅት ጋር በተከራከረችበት ጉዳይ በጁን 2018 በ5 ለ4 ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ ግዛቶች በምድራቸው ቢሮም ሠራተኛም የሌለውን ሻጭ ጭምር ታክስ እንዲሰበስብ ማስገደድ እንደሚችሉ ፈቅዷል። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ መነሻ ያደረገው በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ሽያጭ ወይም 200 ግብይት ነበር፤ ብዙ ግዛቶችም ተከተሉት። ሳውዝ ዳኮታን ጨምሮ በርካቶች በኋላ የግብይቱን ቁጥር ቢሰርዙትም፣ ቁጥሩ ባለበት ቦታ ሁሉ በየወሩ የሚያስከፍል ሻጭ ሳያውቀው ያልፈዋል፤ 17 ደንበኞች በ12 ወር 204 ግብይት ናቸውና። እኔ በዋሽንግተን ዲሲ 21 ደንበኞች ነበሩኝ። ከእነርሱ የማገኘው ገቢ ከ100,000 ዶላር እጅግ ቢያንስም በቁጥር መስመሩን አልፌ ነበር፤ ዲሲ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር ታክስ ታስከፍላለች።

ትልቁ ዕዳ የተጠራቀመው ግን በቴክሳስ ነው። የቴክሳስ መነሻ 500,000 ዶላር መሆኑን አንብቤ ስለነበር እኔን እንደማይመለከተኝ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ይህ መነሻ የሚያገለግለው በግዛቱ ሰውም ንብረትም ለሌለው ሻጭ ብቻ መሆኑን አላስተዋልሁም። በማርች 2021 የደንበኞችን ስልክ የምትመልስልኝ ሠራተኛ ቀጠርሁ፤ የምትሠራው ዳላስ አጠገብ ካለው ቤቷ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለቴክሳስ ደንበኞች ከምሸጠው ከመጀመሪያው ዶላር አንሥቶ ታክሱን መሰብሰብ ነበረብኝ። ለእርሷ የሥራ አጥነት መድን መዋጮ በየሩብ ዓመቱ ለዚያው ግዛት እየከፈልሁ፣ ሁለቱን ነገር አለማገናኘቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ2023 መገባደጃ የአንድ የዳላስ ደንበኛ ሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኞቼ ላይ ታክስ ለምን እንደሌለ ጠየቁኝ። ደንግጬ በዚያው ሌሊት በግዛቱ ድረ ገጽ ልመዘገብ ስል የሒሳብ ባለሙያዬ «እንዳትመዘገብ፤ መጀመሪያ እኔ ልጻፍላቸው» ብለው አስቆሙኝ። ግዛቶች በፈቃዱ ቀርቦ ዕዳውን ለሚያሳውቅ ሰው የተለየ ስምምነት አላቸው፤ ቅጣት ይነሣለታል፣ ወደ ኋላ የሚቆጠሩትም ዓመታት ይገደባሉ። ግዛቱ ቀድሞ ካገኘው ግን ዕድሉ ያመልጠዋል፤ በብዙ ቦታ አስቀድሞ መመዝገብም ያንኑ ያስከትላል። እርሳቸው ስሜን ሳይጠቅሱ ጽፈው ስምምነቱን አስገኙልኝ። በተመሳሳይ ችግር ላለ ሁሉ ከምንም በፊት የምነግረው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አራት ወር የፈጀ የደረሰኝ ምርመራ ነበር። ቴክሳስ አገልግሎቱን እንደ ዳታ ፕሮሰሲንግ (መረጃ የማቀናበር አገልግሎት) ስለምታየው ከዋጋው 20 በመቶው ነፃ ነው፤ ከ100 ዶላር ላይ 80ው ብቻ ታክስ ይታሰብበታል፣ በዳላስ 8.25 በመቶ ሲሰላ 6.60 ዶላር ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። የከበደኝ እኔ የመዘገብሁት የክፍያ ካርዱን አድራሻ ብቻ ስለነበር፣ ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ቦታ ደንበኛ በደንበኛ እየደወልሁ መጠየቄ ነው። በዚያው ጥሪ ሦስት ደንበኞች ታክሱን በራሳቸው አስታውቀው መክፈላቸውን አወቅሁ፤ በጽሑፍ አረጋግጠውልኝ ከዕዳዬ ተቀነሰ። ከቀሩት ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ሊከፍሉኝ ፈቀዱ፤ ሌላውን ከኪሴ ከፈልሁ።

አሁን የምሰበስበውን ታክስ የግዛቱ ገንዘብ ስለሆነ በተለየ ሒሳብ አስቀምጠዋለሁ። ሽያጭ ባልነበረበት ጊዜም ባዶ ሪፖርት አስገባለሁ፤ ቴክሳስ ለዘገየ ሪፖርት፣ ታክስ ባይኖርበትም፣ 50 ዶላር ትቀጣለች። ሠራተኛ ስቀጥርም ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሚሠራበትን አድራሻ ለሒሳብ ባለሙያዬ እልካለሁ።